የሰበር ውሳኔ ሲጠቀስ

ሰሞኑን አንድ የሕግ ተማሪ በእንግሊዝኛ የጻፈውን የመመረቂያ ጽሑፍ እንዳይለት ሰጠኝ። ስለ ልጅ አሳዳጊነት በሚያትተው ክፍል «ሰበር በ2000 እንደወሰነው» ይላል። የትኛው መዝገብ ነው ብዬ ስጠይቀው፣ «ከሌላ ሰው ጽሑፍ ነው ያገኘሁት» አለኝ። ነገር ከሥሩ፣ ውኃ ከጥሩ ይላል ያገራችን ሰው።

ጉዳዩ የአጻጻፍ ወግ ብቻ አይደለም። በአዋጅ ቁጥር 454/1997 መሠረት የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት ከአምስት ባላነሱ ዳኞች የሚሰጠው የሕግ ትርጉም በየደረጃው ያሉትን የፌዴራልና የክልል ፍርድ ቤቶች የሚያስገድድ ሆኗል። አሁን በሥራ ላይ ያለው አዋጅ ቁጥር 1234/2013ም ይህንኑ አጽንቶታል። ሰበርን አዛብቶ መጥቀስ እንግዲህ ሕግን አዛብቶ እንደመጥቀስ ነው።

የተሟላ አጠቃቀስ የችሎቱን ስም፣ ተከራካሪዎቹን፣ የመዝገብ ቁጥሩን፣ ውሳኔው የተሰጠበትን ቀን፣ የታተመበትን ቅጽና ገጽ ይይዛል። ተማሪው የፈለገው፣ የሕፃኑን ጥቅም ያስቀደመው ውሳኔ የሰበር መዝገብ ቁጥር 23632፣ ጥቅምት 26 ቀን 2000 ዓ.ም.፣ ቅጽ 5 ነው። የተከራካሪዎቹ ስም ከፊት፣ ገጹ ከኋላ ይገባል። ከሁሉም ዋናው ቁጥሩ ነው፤ አንዲት አኃዝ ከተዛነፈች አንባቢው የማይገናኝ ክርክር ላይ ያርፋል።

የዘመን አቆጣጠሩም ወጥመድ አለው። የእንግሊዝኛው ጽሑፍ አንባቢ 2000ን እንደ አውሮፓውያን ከቆጠረው፣ ውሳኔውን አስገዳጅነትን ካመጣው አዋጅ በፊት የተሰጠ አድርጎ ይጥለዋል። በእነርሱ አቆጣጠር ግን ቀኑ ኅዳር 6 ቀን 2007 ነው። ስለዚህ የትኛው አቆጣጠር እንደሆነ ይገለጽ።

ሁለት ነገር ልጨምር። ከውሳኔው አናት ላይ የሚቀመጠው አጭር መግለጫ ፍርዱ አይደለም፤ የሚጠቀሰው የችሎቱ ሐተታ ነው። የልዩነት ሐሳብ ካለም የችሎቱ አቋም ተደርጎ አይጠቀስም። በተጨማሪም ሰበር ቀድሞ የሰጠውን ትርጉም ከሰባት ባላነሱ ዳኞች ሊለውጠው ስለሚችል፣ ትርጉሙ ዛሬም መጽናቱን ማጣራት ያስፈልጋል።

ተማሪው ቅጹን አግኝቶ ሲያነብ፣ የጠቀሰው ሰው ከፍርዱ ግማሹን መተዉን ደረሰበት። ምዕራፉን እንደገና እየጻፈው ነው።