ከአንድ ጥናት የተነበበው ግማሽ



ንግግሬን የምጀምረው እ.ኤ.አ. በ1982 ከታተመ አንድ አጭር ጽሑፍ ነው። በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በርክሌይ ኬልቪን ዴቪስ፣ ጆርጅ ብሩክስ፣ ሌስተር ፓከርና ባልደረባቸው አይጦችን ዐቅማቸው እስኪሟጠጥ አስሮጡ። በጡንቻቸውና በጉበታቸው የነፃ ራዲካሎች መጠን ከሁለት እስከ ሦስት እጥፍ ያህል ጨምሮ ተገኘ። ቫይታሚን ኢ የጎደላቸው አይጦች ደግሞ የጽናት ዐቅማቸው በ40 በመቶ ያነሰ ነበር።

ዘመኑ ይህን ለመስማት ጆሮው ክፍት ነበር። ዴንሃም ሃርማን በ1956 እርጅናን ከነፃ ራዲካሎች ጋር አያይዞታል፤ ላይነስ ፖሊንግም በ1970 ባሳተመው መጽሐፉ ቫይታሚን ሲን በብዛት መውሰድን ለሕዝብ ሰብኳል። ስለዚህ ድምዳሜው ቀላል መሰለ፤ ነፃ ራዲካል ጡንቻን የሚጎዳ ከሆነ፣ አንቲኦክሲዳንት የሚውጥ ስፖርተኛ ከጉዳት ይጠበቃል። የአይጦቹ ውጤት ግን የተናገረው ስለ ጉድለት ነው። የጎደለውን መሙላትና በሞላው ላይ መጨመር ለየቅል ናቸው።

እኔም ለዓመታት በክፍል ውስጥ ያስተማርሁት ይህንኑ ግማሽ ነበር። የቀረው ግማሽ የተደበቀ አልነበረም። ደራስያኑ በዚያው ጽሑፍ አጽሕሮት መጨረሻ ላይ፣ ሥልጠና የሚያስገኘውን የማይቶኮንድሪያ መብዛት የሚቀሰቅሰው ጉዳቱ ራሱ ሊሆን እንደሚችል ጠቁመዋል። (ተማሪዎቼን ከአጽሕሮት አታልፉም እያልሁ እወቅሳለሁ፤ እዚህስ አጽሕሮቱን መጨረስ ብቻ ይበቃኝ ነበር።) ጠላት ተብሎ የተፈረጀው መልእክተኛ ከሆነ፣ እርሱን በእንክብል ያስወገደ ሰው መልእክቱንም ያጣል።

ይህ ጥቆማ በሚገባ እስኪፈተን ሩብ ምዕተ ዓመት አለፈ። በ2008 የስፔኗ ማሪ ካርመን ጎሜዝ-ካብሬራና ባልደረቦቿ ቫይታሚን ሲ የተሰጣቸው አይጦች ከሥልጠና የሚገኘውን የጽናት ጭማሪ በእጅጉ እንዳጡ ዘገቡ። በዓመቱ ጀርመናዊው ሚካኤል ሪስቶቭና ባልደረቦቹ ወጣት ወንዶችን ለአራት ሳምንታት አሠለጠኑ፤ ሰውነታቸው ለኢንሱሊን የሚሰጠው ምላሽ የተሻሻለው ቫይታሚን ሲና ኢ ባልወሰዱት ላይ ብቻ ሆነ።

እንክብሉ ጎጂ መሆኑ ተረጋገጠ ብዬ ግን አልደመድምም። በ2014 ኖርዌያዊው ጎራን ፖልሰንና ባልደረቦቹ ለ11 ሳምንታት ባካሄዱት ጥናት ሁለቱ ቫይታሚኖች በጡንቻ ውስጥ የማይቶኮንድሪያ መብዛት ምልክቶችን አዳከሙ፤ የሩጫ ብቃትና ከፍተኛው የኦክስጅን አጠቃቀም ግን በሁለቱም ቡድኖች ያለ ልዩነት ተሻሻለ። ጡንቻው ውስጥ የታየው ለውጥ በሩጫው ላይ ስለ ምን አልታየም? ከዚህ በኋላ ያለውን ጊዜ ለዚህ ጥያቄና ለእናንተ ጥያቄዎች እተወዋለሁ።