ኃላፊነቱ ታች፣ ነገረ ፈጁ ላይ

የአዲስ አበባው የጦር ኃይሎች ሰፈር ስሙን የወሰደው ከጦር ኃይሎች ሆስፒታል ነው። ዛሬ ግን ከሆስፒታሉ ሌላ ብዙ የመንግሥት አካል የሚጎራበትበት ስፍራ ሆኗል። የቀለበት መንገዱ በዚያ ያልፋል፤ ከአያት የሚነሣው የቀላል ባቡር መስመር በዚያ ያበቃል፤ የኮልፌ ቀራኒዮና የልደታ ክፍለ ከተሞች እዚያው አካባቢ ይዋሰናሉ፤ በመንደሮቹ ውስጥ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች፣ ጤና ጣቢያዎች፣ የወረዳ ጽሕፈት ቤቶችና የቀበሌ ቤቶች አጥር ለአጥር ተጠጋግተዋል። እነዚህ ሁሉ በጥቅሉ መንግሥት ይባላሉ። ፍርድ ቤት ሲቆሙ ግን አቅማቸው እኩል አይደለም። መከላከያም ሆነ የምድር ባቡር ኮርፖሬሽን የሕግ ባለሙያ በየቤታቸው አላቸው። የአንድ የመንግሥት ትምህርት ቤት ርእሰ መምህር ግን ጎረቤት አጥር ገፍቶ ቢገባበት፣ ወይም በአጥሩ ላይ ያለውን ሱቅ የተከራየ ሰው ውሉ ሲያልቅ አልወጣም ቢለው፣ በግቢው ውስጥ የሚያማክረው የሕግ ሰው የለውም። ይህ ልዩነት የበጀት እጥረት ብቻ የወለደው አይመስለኝም። ላለፉት ሰማንያ ዓመታት ሕጋችን ኃላፊነትን ደረጃ በደረጃ ወደ ታች ሲያወርድ የሕግ ባለሙያውን ላይ አስቀርቶታል፤ ባለሙያው ወደ ታች በወረደበት ጊዜም የወረደው ክስ ለመመለስ እንጂ ከውሳኔ በፊት ለመምከር አልነበረም። የዚህ ጽሑፍ ክርክር ይኸው ነው።

ነገሩ ከነገረ ፈጅ ይጀምራል። በጥንቱ ሥርዓት መኳንንትና ገዳማት ሰፊ መሬት ስለነበራቸው ሙግት አይለያቸውም ነበር። ባለ ማዕረጉ ራሱ ከዳኛ ፊት ቆሞ ከባላገር ጋር መከራከሩ ለክብሩ አይመጥንም ስለሚባል፣ ነገሩን የሚይዝለት ሰው ይሾም ነበር። ነገረ ፈጅ የጌታው አፍ ነው፤ ጌታው ያደረገውን ይከላከላል፣ ጌታው የፈለገውን ያስመልሳል። መሬቱ ሲወሰድ ወይም ሲሰጥ ምክሩን የሚጠይቀው ግን አልነበረም፤ ሥራው የሚጀምረው ነገር ከተነሣ በኋላ ነው። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሚኒስትሮችን ሲሾሙና አፈ ንጉሥ ነሲቡ የፍርዱን ሥራ ሲይዙ፣ ከነጻነት መልስም በትእዛዝ ቁጥር 1/1935 የየሚኒስቴሩ ሥልጣን ሲወሰን፣ አዲሶቹ መሥሪያ ቤቶች ነገረ ፈጅን ከአሮጌው ቤት ተረከቡት። ባለሥልጣን ይወስናል፣ ነገረ ፈጅ ይሟገታል፤ ይህ የሥራ ክፍፍልም አብሮ ተወረሰ። በቢሮ ውስጥ የተቀመጠ የመንግሥት ጠበቃ ሕንፃውና ደመወዙ ዘመናዊ ቢሆንም አሠራሩ የቤተ መኳንንት እንደሆነ ቆየ።

ኃላፊነት ወደ ታች መውረድ የጀመረውም በዚያው ዘመን ነው። በ1937 ዓ.ም. የወጣው የማዘጋጃ ቤቶች አዋጅ ቁጥር 74 አዲስ አበባን ጨምሮ ከተሞች ባለንብረቶች የሚወከሉበት ምክር ቤት እንዲኖራቸውና ግብርና የፈቃድ ክፍያ እንዲሰበስቡ አደረገ። በ1940 ዓ.ም. ደግሞ የትምህርት ግብር አዋጅ ቁጥር 94 መጣ። ከመሬት ጋር ተያይዞ የሚሰበሰበው ገንዘብ ለየጠቅላይ ግዛቱ ትምህርት እንዲውል፣ ይህንንም የአካባቢ የትምህርት ቦርድ እንዲቆጣጠረው ታሰበ። ይህ አዋጅ ከሚሰጠው ትኩረት በላይ ሊጠና የሚገባው ይመስለኛል። ትምህርት ቤት የንጉሠ ነገሥቱ ስጦታ ብቻ መሆኑ ቀርቶ የአካባቢው ሰው ገንዘብ ያለበት፣ ሂሳብ የሚጠየቅበት ተቋም የሆነው በዚህ ነው። ሂሳብ የሚጠየቅ ተቋም ደግሞ ይዋዋላል፣ ያሠራል፣ መሬት ይረከባል፣ ይካሰሳል። ሆኖም ቦርዱ ገንዘብ እንዲቆጣጠር ሲደረግ ውል እንዲያረቅለት ወይም የመሬቱን ማስረጃ እንዲያደራጅለት የተመደበለት ባለሙያ አልነበረም። ገንዘቡ ወደ ጠቅላይ ግዛት ወረደ፤ ሕግ አዋቂው አዲስ አበባ ቀረ።

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ይህንን ክፍተት ይበልጥ አሰፋው። ሬኔ ዳቪድ ያረቀቁት ይህ ሕግ በአንቀጽ 394 መንግሥት በሕግ ዓይን ሰው መሆኑንና መብቱን በአካላቱ አማካይነት እንደሚሠራበት ደነገገ። በአንቀጽ 2126 የመንግሥት ሠራተኛ በሥራው ላይ ባጠፋው ጥፋት ለደረሰ ጉዳት ተጎጂው ከመንግሥት ካሣ የሚጠይቅበትን በር ከፈተ። ከአንቀጽ 3131 ጀምሮ የአስተዳደር ውሎችን፣ ከአንቀጽ 1444 ጀምሮ ለሕዝብ አገልግሎት የተመደበ ንብረትን፣ ከአንቀጽ 1460 ጀምሮ ለሕዝብ ጥቅም ሲባል ንብረት የሚለቀቅበትን ሁኔታ በዝርዝር አስቀመጠ። በአንድ ጊዜ የተደነገገው ይህ ሁሉ የሚሠራው በየደረጃው ያለ ሹም ሲያውቀው ነው። የትምህርት ቤት መሬት ለሕዝብ አገልግሎት የተመደበ ስለሆነ ሌላ ሰው ረጅም ዘመን ይዞት በመኖሩ ብቻ ባለቤት አይሆንበትም፤ ይህ ትልቅ ጥበቃ ነው። ነገር ግን መሬቱ የትምህርት ቤቱ መሆኑን በወረቀትና በወሰን ድንጋይ የሚያስረዳ ሰው ከሌለ ጥበቃው በመጽሐፉ ውስጥ ይቀራል። የአገሪቱ የመጀመሪያው የሕግ ፋኩልቲ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የተከፈተው በ1956 ዓ.ም. ነው፤ ሕጉ ከወጣ ከዓመታት በኋላ። የመጀመሪያዎቹ ምሩቃን ለሚኒስቴሮችና ለከፍተኛ ፍርድ ቤቶች እንኳ አልበቁም።

ከ1967 ዓ.ም. ወዲያ የሆነው ግን ከዚህ ሁሉ የሚበልጥ ነው። አዋጅ ቁጥር 47/1967 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት አደረገ። የወር ኪራያቸው ከ100 ብር በታች የሆኑት ቤቶች ለከተማ ነዋሪዎች ማኅበራት፣ ማለትም ለቀበሌዎች ተሰጡ። ትናንት ያልነበረ ተቋም በአንድ ሐምሌ ወር የብዙ ሺህ ቤቶች አስተዳዳሪ ሆነ። አዋጅ ቁጥር 104/1969 ማኅበራቱን ከቀበሌ እስከ ከፍተኛ እስከ ማእከላዊ አደራጅቶ የፍርድ ሸንጎም አቋቋመላቸው። ውጤቱ ምን እንደሆነ ልብ ይሏል። ቀበሌው አከራይ ነው፤ በቤትና በቦታ ጉዳይ የሚዳኘው ሸንጎም የዚያው የቀበሌው ነው። ራሱ አከራይ፣ ራሱ ዳኛ የሆነ ተቋም ጠበቃ ለምን ይፈልጋል? ማስረጃ የማደራጀት፣ ውል በጽሑፍ የመያዝ፣ ርክክብን የመመዝገብ ልማድ ያልዳበረው በዚህ ምክንያት ይመስለኛል። ትምህርት ቤቶችም ከዚህ ብዙ አልራቁም። የትምህርት ቤቶችን አስተዳደር ለማጠናከር የወጣው አዋጅ ቁጥር 260/1976 ወላጆችና የሕዝብ ማኅበራት የሚወከሉበትን የትምህርት ቤት ኮሚቴ አጠናከረ፤ ኮሚቴው ገቢ ሊያሰባስብ፣ ሊያሠራ፣ ሊቆጣጠር ቻለ። ይህ ለትምህርት መስፋፋት የበጀ ሥራ ነው፤ ብዙ ክፍሎች የተሠሩት በሕዝብ መዋጮና ጉልበት ነው። ሕጋዊ ሥራው ግን በኮሚቴው አባላት ቅንነት ላይ ተጥሎ ቀረ።

ከ1983 ዓ.ም. በኋላ ቀበሌው በሚያከራየው ቤት ላይ የነበረውን ዳኝነት አጥቶ ተከራካሪ ሆነ። በ1987 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 4 የፌዴራል መንግሥትን በፍርድ ቤት የመወከል ሥልጣን ለፍትሕ ሚኒስቴር ሰጠ፤ በዚያው ዓመት የተቋቋመው ሲቪል ሰርቪስ ኮሌጅ ለክልሎች የሕግ ባለሙያ ማሠልጠን ጀመረ። የአዲስ አበባ ቻርተር፣ አዋጅ ቁጥር 361/1995፣ የከተማውን ፍርድ ቤቶች ሥልጣን ሲዘረዝር የመንግሥት ቤቶችንና የማስተር ፕላን አፈጻጸምን የሚመለከቱ ክርክሮችን ለእነርሱ ሰጠ፤ እስከ 5,000 ብር የሚደርሰውን የገንዘብና የንብረት ክርክር ደግሞ ለቀበሌ ማኅበራዊ ፍርድ ቤቶች። ለዳኝነት እስከ ታች ድረስ ተቋም ተዘረጋለት፤ ለምክር ግን አልተዘረጋም። የዚህን ውጤት ማየት የሚፈልግ የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት ያሳተማቸውን የውሳኔ ቅጾች ይግለጥ። ቀበሌና ክፍለ ከተማ ተከራካሪ የሆኑባቸው መዝገቦች ተደጋግመው ይገኛሉ፤ ጥያቄውም ዞሮ ዞሮ ቤቱ በ1967 ተወርሶ ነበር ወይስ አልነበረም፣ ኪራይ ሲከፈልበት ኖሯል ወይስ አልኖረም የሚል ነው። እንዲህ ያለው ነገር በርክክቡ ቀን በአንድ ጥንቁቅ ሰው ቢመዘገብ ኖሮ ከአንድ ትውልድ በኋላ እስከ ሰበር አይደርስም ነበር። በዚህ በኩል የጠፋው ጊዜና ገንዘብ የመንግሥት ብቻ አይደለም፤ ቤቱ የእኔ ነው ብሎ ዘመኑን በችሎት የፈጀው ዜጋም ነው።

ቀላል ባቡሩ ሲመጣም ይኸው ታየ። ለልማት ቦታ የሚለቀቀው በአዋጅ ቁጥር 455/1997 መሠረት ነበር። የማስለቀቂያ ትእዛዝ በጽሑፍ መስጠት፣ ካሣ መገመት፣ ቅሬታ መስማት የከተማ አስተዳደሩ ተግባር ነበር፤ የካሣው ክርክር በይግባኝ ወደ ከተማው ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ይሄድ ነበር። ሥራው የሚፈጸመው ግን በክፍለ ከተማና በወረዳ በተመደቡ መሐንዲሶች፣ ገማቾችና ኃላፊዎች እጅ ነው። መሐንዲሱ ልኬቱን ያውቃል፤ ማስጠንቀቂያው ለማን ስም መጻፍ እንዳለበት፣ ወራሾች ሲበዙ ካሣው እንዴት እንደሚያዝ ግን የእሱ ሙያ አይደለም። የሕግ ባለሙያው መዝገቡን የሚያገኘው ክሱ ከተከፈተ በኋላ ነው፤ በዚያን ጊዜ የቀረው ነገር የተደረገውን ሁሉ ልክ ነበር ብሎ መከራከር ብቻ ይሆናል።

ለዚህ ክርክር የሚቀርቡ መቃወሚያዎች አሉ፤ አንዳንዶቹም ከባድ ናቸው። የመጀመሪያው ድህነት ነው፤ ለመምህር ደመወዝ የሚቸገር አገር ለየትምህርት ቤቱ ጠበቃ ከየት ያመጣል ይባላል። ለየትምህርት ቤቱ ይቀጠር የሚል ግን የለም። ባለጸጋ በምትባለው አሜሪካ እንኳ፣ ለምሳሌ በካሊፎርኒያ፣ የትምህርት ወረዳዎች ወጪ ተጋርተው የጋራ የሕግ ጽሕፈት ቤት ያቆማሉ፤ ብቻቸውን አቅም ስለሌላቸው ነው። ሁለተኛው መቃወሚያ ሽምግልና ነው። በእኛ ባህል የጎረቤት ጠብ በሽማግሌ ያልቃል፣ ጠበቃ ነገር ያባብሳል የሚሉ ብዙ ናቸው። በግለሰቦች መካከል ይህን እቀበላለሁ። ሽማግሌ የሚያስታርቀው ግን ሁለቱም ወገኖች ከራሳቸው ላይ ቆርሰው መተው ሲችሉ ነው። ርእሰ መምህሩ ከትምህርት ቤቱ ግቢ ሁለት ሜትር ቆርሶ ለጎረቤት ሰላም ሲል ቢለቅ የለቀቀው የራሱን አይደለም፤ የተማሪዎቹን ነው። በ1958 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ በቁጥር 315 የአስተዳደር ውሎችን ከግልግል ዳኝነት ማውጣቱም ከዚሁ ስጋት የመጣ ይመስላል።

ሦስተኛው መቃወሚያ ከሁሉም ይበልጥ ያሳስበኛል። መንግሥት እንደሆነ ጉልበት አያንሰውም፤ ወረዳው ላይ ጠበቃ ሲጨመርለት ድሃው ነዋሪ ይበልጥ አይረገጥምን? ነገረ ፈጅ በአሮጌው አሠራሩ ከቀጠለ ስጋቱ ልክ ነው፤ የጌታው አፍ ብቻ የሆነ ጠበቃ ለዜጋው አደጋ ነው። ከውሳኔ በፊት የሚማከር ባለሙያ ግን ሌላ ጥቅም አለው። ለወረዳው ኃላፊ ማስጠንቀቂያው አልደረሰም፣ ይህን ቤት ዛሬ ማፍረስ አትችልም ብሎ በጽሑፍ የሚነግር ሰው ለነዋሪው ከሚቆም ጠበቃ ባልተናነሰ ይጠቅመዋል፤ ያውም ያለ ክፍያ። አራተኛው ወገን ደግሞ የታችኛው ጠበቃ ከአካባቢው ደላላና ባለ ጉዳይ ጋር ሊመሳጠር ስለሚችል ጉዳዩ በማእከል መያዝ አለበት ይላል። በከተማችን የመሬት ጉዳይ ይህ ባዶ ፍርሃት አይደለም፤ ቁጥጥሩ በማእከል ይሁን ብል አላፍርም። ቁጥጥርን ማእከላዊ ማድረግ ግን ምክርን ማእከላዊ ከማድረግ ይለያል። ምክሩ ከርእሰ መምህሩ አቅራቢያ ካልሆነ ርእሰ መምህሩ የሚጠይቀው አቅራቢያው ያለውን ሰው ነው፤ እሱም ብዙ ጊዜ ሥልጠና የሌለው፣ አንዳንዴም በጉዳዩ ጥቅም ያለው ይሆናል።

የቅርቡ ሕግ ወደዚህ አቅጣጫ በከፊል ሄዷል። በ2008 ዓ.ም. የተቋቋመው የፌዴራል ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 943፣ መንግሥትን በፍትሐ ብሔር ክርክር ከመወከል ጋር የማማከርንም ሥራ ያዘ፤ በአዋጅ ቁጥር 1263/2014 ሥልጣኑ ዳግም በተቋቋመው ፍትሕ ሚኒስቴር ሥር ገባ። በአዲስ አበባም የፍትሕ ቢሮው በየክፍለ ከተማው ጽሕፈት ቤት አለው፤ የፍትሐ ብሔር ዐቃቤ ሕጎች የከተማውን ጥቅም ይከራከራሉ። ስለዚህ ለኮልፌ ቀራኒዮ ትምህርት ቤቶች አዲስ መሥሪያ ቤት መፍጠር አያስፈልግም። የሚያስፈልገው ከእነዚህ ዐቃቤ ሕጎች አንዱ ለትምህርት ጽሕፈት ቤቱ ተመድቦ የእያንዳንዱን ትምህርት ቤት የይዞታ ካርታና ወሰን እንዲመረምር፣ የሱቅ ኪራይና የግንባታ ውል ከመፈረሙ በፊት እንዲያየው፣ ያየውንም በፊርማው እንዲያጸድቅ ነው። ውል ሳይታይ ከተፈረመ ተጠያቂው ኃላፊው፣ ታይቶ ከተፈረመ ዐቃቤ ሕጉም እንዲሆን መደንገግ ይቻላል። የትምህርት ቤቶቹ ይዞታ ምርመራ ደግሞ ከባቡሩ መጨረሻና ከቀለበት መንገዱ ዳር ካሉት ቢጀመር ይሻላል፤ የመሬቱ ዋጋ በየዓመቱ የሚጨምረውና አጥር የሚገፋው በዚያ ነው።