የእናቶችና የሕፃናት ጤና መረጃ በኢትዮጵያ

የእናቶችና የሕፃናት ጤና መረጃ በኢትዮጵያ ስለ እርግዝና፣ ስለ ወሊድ፣ ስለ እናቶች ሞትና ከአምስት ዓመት በታች ስላሉ ሕፃናት ጤንነት በቤት ለቤት ዳሰሳ፣ በጤና ተቋማት ሪፖርት፣ በሞት ቅኝትና በምርምር የሚሰበሰብ መረጃ ነው። በሀገሪቱ ልደትና ሞት ለረጅም ዘመን በመዝገብ ስላልሰፈረ፣ «በወሊድ ምክንያት ስንት እናቶች ይሞታሉ?» ለሚለው ጥያቄ የሚሰጠው መልስ ከቆጠራ ሳይሆን ከግምት የተገኘ ነው። ስለዚህ እያንዳንዱ ቁጥር እንዴት እንደተገኘ ማወቅ ቁጥሩን የማወቅ ያህል ያስፈልጋል። በዚህ መጣጥፍ ያሉት ዓመታት፣ በሌላ መልክ ካልተገለጸ በስተቀር፣ እ.ኤ.አ. ናቸው።

ከቡታጅራ እስከ ጤና ኤክስቴንሽን

ከቀደምቶቹ የረጅም ጊዜ የጤና ቅኝቶች አንዱ ከአዲስ አበባ በስተ ደቡብ በምትገኘው በቡታጅራ ዙሪያ በ1986/87 ተጀመረ። ሥራው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲና የስዊድኑ ኡሜዮ ዩኒቨርሲቲ ትብብር ነበር። መረጃ ሰብሳቢዎች በተመረጡ ቀበሌዎች ከቤት ወደ ቤት እየሄዱ የተወለደውን፣ የሞተውን፣ አካባቢውን የለቀቀውንና አዲስ የመጣውን ይመዘግቡ ነበር። አብዛኛው ሰው ሐኪም ሳያየው ስለሚሞት የሞቱ መንስኤ የሚታወቀው ቤተሰቡን በመጠየቅ ነው፤ ሕፃኑ ትኩሳት ነበረው ወይ፣ ትንፋሹ ይፈጥን ነበር ወይ፣ ተቅማጥ ስንት ቀን ቆየበት እየተባለ ይጠየቃል። በዚህ መንገድ የመተንፈሻ አካላት ኢንፌክሽንና ተቅማጥ ከሕፃናት ሞት ዋና ዋና መንስኤዎች መካከል መሆናቸው ታየ። ሁለቱም በቀላል መድኃኒት የሚድኑ በሽታዎች ናቸው።

በ2003 የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ከ30,000 በላይ ሠራተኞችን፣ አብዛኞቹን ሴቶች፣ አሠልጥኖ በየቀበሌው ጤና ኬላ መደበ። ሆኖም በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ የሳንባ ምች የያዘውን ሕፃን ወደ ጤና ጣቢያ ከመላክ በቀር በፀረ ተሕዋስያን መድኃኒት የማከም ፈቃድ አልነበራትም። ፈቃዱ የመጣው በ2010 ነው። ለአራስ ሕፃናት ኢንፌክሽን ደግሞ በኦሮሚያና በቀድሞው የደቡብ ክልል ቀበሌዎችን በዕጣ ለሁለት የከፈለ ጥናት ተካሄደ። ወደ ሆስፒታል መላክ በማይቻልበት ጊዜ ሕክምናው በጤና ኬላ በተሰጠባቸው ቀበሌዎች ከመጀመሪያው ቀን በኋላ የሚደርሰው ሞት ዝቅ ብሎ ታየ፤ ነገር ግን ልዩነቱ በአጋጣሚ የተፈጠረ ሊሆን እንደሚችል ማስቀረት አልተቻለም። ያም ሆኖ አገልግሎቱ ከ2013 ጀምሮ እየተስፋፋ ሄደ። የጥናቱ ዋነኛ ጥቅም ሕክምናው በገጠር ጤና ኬላ መሰጠት እንደሚችል ማሳየቱ ነበር ማለት ይቻላል።

የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ

ለሀገር አቀፍ አኃዞች ዋናው ምንጭ በ2000፣ በ2005፣ በ2011 እና በ2016 የተካሄደው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ ሲሆን በ2014 እና በ2019 አነስተኛ ዳሰሳዎች ተጨምረዋል። በ2016ቱ ዳሰሳ በ16,650 ቤተሰቦች ውስጥ 15,683 ሴቶች ተጠይቀዋል። በውጤቶቹ መሠረት ከ1,000 በሕይወት የተወለዱ ሕፃናት መካከል አምስት ዓመት ሳይሞላቸው የሚሞቱት በ2000 ከነበረበት 166 በ2005 ወደ 123፣ በ2011 ወደ 88፣ በ2016 ወደ 67 ወርዷል። በጤና ተቋም የሚወልዱ እናቶች ድርሻ በ2000ም በ2005ም 5 በመቶ ብቻ ነበር፤ በ2011 10፣ በ2016 26፣ በ2019 48 በመቶ ደረሰ።

የጨቅላ ሕፃናት ሞት ግን ይህን ያህል አልቀነሰም። በመጀመሪያዎቹ 28 ቀናት የሚሞቱት በ2000 ከ1,000 49፣ በ2011 37፣ በ2016 29 ነበሩ። በተቋም የሚወልዱ እናቶች በእጥፍ ገደማ ከጨመሩ በኋላ የመጣው የ2019 ዳሰሳ ደግሞ 33 አገኘ። በሁለቱ ዳሰሳዎች መካከል ያለው ልዩነት ከናሙና ስሕተት የመነጨ ሊሆን ስለሚችል ሞቱ ጨምሯል ለማለት አያበቃም። ሆኖም እናቲቱ ጤና ጣቢያ መድረሷ ብቻውን ሕፃኑን እንደማያድን፣ ከደረሰች በኋላ የምታገኘው አገልግሎት ጥራትም መለካት እንዳለበት ለሚሟገቱ ተመራማሪዎች ዋነኛ ማስረጃ ሆኗል።

የዳሰሳውን ጥሬ መረጃ በኮምፒውተር ለሚተነትን ሰው አንድ ማሳሰቢያ አለ። ቀኖቹ የተመዘገቡት በኢትዮጵያ አቆጣጠር ስለሆነ የ2016ቱ ዳሰሳ በፋይሉ ውስጥ 2008 ሆኖ ይገኛል። ከሌላ ሀገር መረጃ ጋር ለማነጻጸር በወራት በተቆጠረው የቀን ኮድ ላይ 92 ወራት፣ ማለትም ሰባት ዓመት ከስምንት ወር፣ መደመር ያስፈልጋል። የሕፃን ዕድሜ የሁለት ቀኖች ልዩነት በመሆኑ ይህ ባይደረግም አይዛባም፤ ስሕተቱ ሳይታወቅ የሚያልፈውም በዚሁ ምክንያት ነው።

የእናቶች ሞት እንዴት ይገመታል?

የሞተችን እናት ራሷን መጠየቅ ስለማይቻል ዳሰሳው የሚጠይቀው እህቶቿን ነው። እያንዳንዷ ተጠያቂ ከእናቷ ማኅፀን የተወለዱትን ወንድሞችና እህቶች በሙሉ ትዘረዝራለች፤ የሞተች እህት ካለች በእርግዝና፣ በወሊድ ወይም ከወሊድ በኋላ ባሉት ሁለት ወራት መሞቷ ይጠየቃል። ከመልሶቹ ከዳሰሳው በፊት ስላሉት ሰባት ዓመታት ግምት ይወጣል። ስለዚህ የ2016 አኃዝ የ2016ን ሁኔታ ብቻ የሚናገር አይደለም።

በዚህ ዘዴ ከ100,000 በሕይወት ከተወለዱ ሕፃናት አንጻር በ2000 871፣ በ2005 673፣ በ2011 676፣ በ2016 412 የእናቶች ሞት ተገምቷል። ከእነዚህ ቁጥሮች ጎን ብዙ ጊዜ የማይጠቀሰው የእርግጠኝነት ወሰን ነው። የ2011 ግምት ከ541 እስከ 810፣ የ2016 ደግሞ ከ273 እስከ 551 ባለው ውስጥ ይወድቃል። ወሰኖቹ ሰፊ የሆኑት፣ ሞቱ ለሀገር ከባድ ቢሆንም በናሙናው ውስጥ የሚገኙት የሞቱ እህቶች ጥቂት ስለሆኑ ነው። በአንድ ወረዳ ደረጃ በዚህ ዘዴ የእናቶችን ሞት መለካት አይቻልም።

የተባበሩት መንግሥታት ድርጅቶች የሚያወጡት ግምት ሌላ ነው። ያሉትን ምንጮች በስታቲስቲክስ ሞዴል አጣምሮ በየጊዜው ይታተማል። ለ2017 በወቅቱ የታተመው 401 ሲሆን በ2023 በወጣው እትም ለ2020 የተሰጠው 267 ነው። አዲስ እትም በወጣ ቁጥር ያለፉት ዓመታት አኃዞችም እንደገና ስለሚሰሉ፣ ከተለያዩ እትሞች ሁለት ቁጥር አንሥቶ ሞት በሦስት ዓመት በአንድ ሦስተኛ ቀነሰ ማለት ስሕተት ነው። በጋዜጦችና በማኅበራዊ ሚዲያ ግን እንዲህ ያለው ንጽጽር የተለመደ ነው።

የእናቶች ሞት ቅኝትና ምላሽ

ዳሰሳው ስንት እናቶች እንደሞቱ ይገምታል እንጂ አንዷ እናት ለምን እንደሞተች አይናገርም። ለዚህ ሲባል በ2013 የእናቶች ሞት ቅኝትና ምላሽ የተባለው ሥርዓት ተጀመረ፤ በኋላም በወሊድ አካባቢ የሚደርስ የሕፃናት ሞት ተጨመረበት። መረጃውን በማዕከል የሚያጠናቅረው የኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ነው። እናት በቤቷ ስትሞት ቤተሰቡ ይጠየቃል፤ በተቋም ስትሞት ካርዷ ይመረመራል። ከዚያም ኮሚቴ ተቀምጦ መዘግየቱ የት እንደነበር ይለያል፤ ሕክምና ለመፈለግ ሲወሰን ነው፣ መጓጓዣ ሲጠበቅ ነው ወይስ ተቋም ከተደረሰ በኋላ ነው? በሪፖርቶቹ ቀዳሚው የሞት መንስኤ ሆኖ የሚገኘው ደም መፍሰስ ነው። ደም የሚፈስሳት እናት የምትቆየው ለሰዓታት ስለሆነ ይህ ግኝት በቀጥታ የሚያመለክተው ወደ አምቡላንስና ወደ ደም ባንክ ነው።

ሥርዓቱ በሕጉ ማንንም መወንጀያ አይደለም፤ የሟቿም ሆነ የባለሙያው ስም በሪፖርቱ አይገለጽም። ቢሆንም ሪፖርት የሚደረገው ሞት ከሚገመተው ትንሽ ክፍል ብቻ ነው። የተጠያቂነት ፍርሃት አለ፤ በቤት የሚደርስ ሞትም ለጤና ኬላው ሳይነገር ይቀራል። ስለዚህ ምንም ሞት ያላስመዘገበ ወረዳ ብዙ ካስመዘገበው የተሻለ ነው ማለት አይደለም። ምናልባት ብዙ ያስመዘገበው በደንብ የሚፈልግ ወረዳ ይሆናል።

የጤና ተቋማት ሪፖርት

ጤና ኬላዎች በቤተሰብ ፎልደር፣ ጤና ጣቢያዎችና ሆስፒታሎች በመዝገብ የሚይዙት መረጃ በየወሩ ወደ ላይ ይተላለፋል። ከ2010ሮቹ መጨረሻ ወዲህ ለዚህ የሚያገለግለው በኦስሎ ዩኒቨርሲቲ የሚለማው ዲኤችአይኤስ2 የተባለ ክፍት ምንጭ ሶፍትዌር ነው። ሶፍትዌሩ የኢትዮጵያን ዘመን አቆጣጠር ይቀበላል።

ትልቁ ችግር ያለው በሶፍትዌሩ ሳይሆን በማካፈያው ላይ ነው። በተቋም የወለዱት በመዝገብ ይቆጠራሉ፤ መውለድ የነበረባቸው ግን ከሕዝብ ብዛት ትንበያ የሚሰሉ ናቸው። ትንበያው የተመሠረተው ደግሞ በ2007 (1999 ዓ.ም.) የሕዝብ ቆጠራ ላይ ነው። ከዚያ ወዲህ ሰው የፈለሰባት ከተማ ከ100 በመቶ በላይ ሽፋን ልታስመዘግብ ትችላለች። በ2010ሮቹ አጋማሽ የተቋማት ሪፖርት የሚያሳየው የወሊድ አገልግሎት ሽፋን ከዳሰሳው እጅግ የበለጠ ነበር። የልዩነቱ አንድ ክፍል ዳሰሳው ያለፉትን አምስት ዓመታት ወሊዶች አንድ ላይ ስለሚወስድ ነው፤ ቀሪው ግን ከማካፈያውና ከአመዘጋገቡ ጋር የተያያዘ ነው።

ሌላው ባዶ ቦታና ዜሮ መምታታታቸው ነው። ሪፖርት ያልላከ ተቋም ማንም አልሞተበትም እንደማለት ሊነበብ ይችላል። በ2020 በሰሜን ኢትዮጵያ ጦርነት ሲጀመር ብዙ ተቋማት ተጎድተው ሪፖርታቸው ተቋርጧል፤ መረጃው የጠፋውም እናቶች አገልግሎት ባጡበት ጊዜ ነበር።

በቤት የመውለድ ምክንያቶች

ቁጥር ብቻ ያልመለሰው ጥያቄ እናቶች ጤና ጣቢያ ቅርባቸው ሆኖ እንኳ ለምን በቤት እንደሚወልዱ ነው። በቃለ ምልልስ የተደረጉ ጥናቶች ርቀትንና ገንዘብን ብቻ አላገኙም። ምጥ የያዛት ሴት በቤቷ «ማርያም ማርያም» የሚሉ ጎረቤቶች ይከቧታል፣ ገንፎ ይገነፋል፣ ቡና ይፈላል፤ በጤና ጣቢያ ግን ብቻዋን ትገባለች፣ በጀርባዋ እንድትተኛ ትገደዳለች፣ አንዳንዴም ትመናጨቃለች። በዚህ መነሻ ብዙ ጤና ጣቢያዎች ገንፎና ቡና የሚዘጋጅበት ቦታ አበጁ፣ ቤተሰብ እንዲገባ ፈቀዱ፣ ከሩቅ ለሚመጡ ነፍሰ ጡሮችም የእናቶች ማቆያ ሠሩ።

የልደትና የሞት ምዝገባ

የወሳኝ ኩነት ምዝገባን የሚደነግገው አዋጅ ቁጥር 760/2004 ሲሆን ምዝገባው በሀገር አቀፍ ደረጃ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. ነው። ምዝገባው ከመጀመሩ ጥቂት ወራት ቀደም ብሎ የተካሄደው የ2016 ዳሰሳ ልደታቸው በመንግሥት የተመዘገበ ከአምስት ዓመት በታች ሕፃናት 3 በመቶ ብቻ መሆናቸውን አሳይቷል። በተቋም የሚወለድ ሕፃን ወላጆች ለምዝገባ የሚያቀርቡትን ማስረጃ ከተቋሙ ያገኛሉ። በቤት ተወልዶ በመጀመሪያው ሳምንት የሚሞት ሕፃን በአብዛኛው በልደት መዝገብም በሞት መዝገብም አይገኝም። የዳሰሳ ጠያቂዎች እናቶችን «ተወልዶ ያለቀሰ ወይም የሕይወት ምልክት ያሳየ፣ በኋላ ግን ያልቆየ ልጅ ነበረሽ?» ብለው ለብቻው የሚጠይቁት ለዚህ ነው።