ምጣድ የሚያሟሽ ዘይት ሰንጢ ያንቃል

አባባ (አያቴን ነው) ሲያርፉ የደረሰኝ ውርስ ቤት ወይም መሬት እንዳይመስላችሁ። ሰንጢ ነው። ያውም ጎኑ ላይ ያለችውን ቁልፍ ስትጫኗት “ቿ!” ብሎ ራሱ የሚከፈት። አባባ ዕድሜያቸውን ሙሉ ሽሮ ሜዳ ልብስ ሲሰፉ ነው የኖሩት። ማታ ማታ በራቸው ላይ ቁጭ ብለው በዚች ሰንጢ ብርቱካን ይልጡልን ነበር። ሌላ ሥራ ስትሠራ አይቻት አላውቅም። ለኔ ያቺ “ቿ!” ራሷ አባባ ነበረች።

ታዲያ እሳቸው ካረፉ በኋላ ሰንጢው መለገም ጀመረ። ቁልፉን ስጫነው ግማሽ መንገድ ሄዶ ይቆማል። እኔ ብልሟ ወጥ ቤት ገባሁና የኑግ ዘይት ጠብ አደረግሁለት። ሁለት ሳምንት እንደ አዲስ ሆነ። በሦስተኛው ወር ግን ተጣብቆ ቁጭ! ከኑግ ጋር የተገኘ ሰሊጥ አብሮ ይወቀጣል ይባላል። ከኑግ ጋር የተገኘ ሞላ ደግሞ ይጣበቃል።

በነገራችን ላይ “ሞላ” የጣሊያንኛ ቃል ነው። ብሎንም፣ ካቻቪቴም እንደዚያው። ሰሜን ጣሊያን ውስጥ ማኒያጎ የምትባል ከተማ አለች። እ.ኤ.አ. በ1453 ውኃ ጠልፈው መዶሻ በውኃ ኃይል ማስመታት ከጀመሩ ወዲህ እንጀራዋ ስለት ነው፤ በሞላ የሚከፈት ሰንጢ በመሥራትም ትታወቃለች። አሜሪካኖች ደግሞ ጎረምሳ የጠብ መሣሪያ አደረገው ብለው እ.ኤ.አ. በ1958 ከአንዱ ክፍለ ግዛት ወደ ሌላው እንዳይነገድ በሕግ ከለከሉት። “ዘይት” የሚለው ቃል ግን የኛው ነው። በግዕዝ ወይራም ነው፣ ከወይራ የሚጨመቀውም ነው። ደብረ ዘይት ስንል የወይራ ተራራ ማለታችን አይደል? እንግዲህ በወይራ የጀመረው ቃል ዛሬ የመኪና ሞተር ውስጥ ገብቷል። ቃሉ አንድ ስለሆነ ነው መሰል፣ ዘይት ሁሉ አንድ የሚመስለን።

ሰንጢዬን ይዤ ወደ ቀጨኔ ሄድኩ። ቀጨኔ ማለት ከሰሜን ሸዋና ከሌላም ቦታ የመጡ ባለሙያዎች የሰፈሩባት፣ ሴቶቹ ሸክላ ሲሠሩ ወንዶቹ ብረት ሲቀጠቅጡና ሸማ ሲሸምኑ የኖሩባት የጉለሌ ሰፈር ናት። ከተማችን ጀበናዋንና ምጣዷን ከነሱ እየገዛች፣ ዞር ብላ “ቡዳ” ስትላቸው ኖራለች። አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሙያው የሚሰድብ እኔን እንደ ሰደበ ነው ብለው አዋጅ አስነግረው ነበር። አዋጁ ከመቶ ዓመት በላይ ሆነው። የኔዋ እማማ ግን ስወጣ በሩ ድረስ ተከትለውኝ “እነሱ ቤት ቡና እንዳትጠጪ” አሉኝ። አይ እማማ!

“ጋሼ፣ ይሄ ይሠራል?” አልኳቸው ባለሙያውን።

ገልበጥ አድርገው አዩትና፣ “ምን አጠጣሽው?” አሉኝ።

“ኑግ።”

ሳቁ። ምጣድ እያለሰለሱ ወደነበሩት ባለቤታቸው በአገጫቸው ጠቁመው “እሷን ጠይቂያት” አሉኝ።

እትዬም ቀና ብለው፣ “የኔ ልጅ፣ አዲስ ምጣድ ሲሟሽ የጎመን ዘር የሚታሸው ለምን ይመስልሻል? እንዲደርቅበት ነው። ያንቺ ቢላም ተሟሸ!” አሉኝ።

ነገሩ ይኸው ነው። ኑግ፣ ጎመን ዘርና ተልባ ዘይታቸው ከአየር ኦክስጅን እየወሰደ እርስ በርሱ ይያያዛል። መጀመሪያ ይወፍራል፣ ቀጥሎ እንደ ሙጫ ይለጠጣል። ከሁሉ የባሰው ተልባ ነው፤ ሠዓሊዎች ቀለም የሚበጠብጡበትም በመድረቁ ነው። የምጣድን ቀዳዳ ደፍኖ እንጀራ እንዳይዝ የሚያደርገው ጠባይ፣ የሰንጢን ማጠፊያ ያንቃል። ለጋ ቅቤማ ውኃም አለበት፣ ሲቆይም ይኮመጥጣል፤ ብረት ያዝጋል።

ጉሎስ? ጉሎን አብዛኞቻችን የምናውቀው በሆድ ድርቀት መድኃኒትነቱ ነው። ነገር ግን የምሥራቅ አፍሪካ ተክል ሆኖ ሳለ ዓለምን ያበረረ ዘይት ነው። ከቤንዚን ጋር ስለማይዋሃድ በአንደኛው የዓለም ጦርነት የአውሮፕላን ሞተር ውስጥ ይጨመር ነበር። ካስትሮልም ስሙን ያገኘው ከጉሎ የፈረንጅ ስም ነው። ብረት ላይ አጥብቆ ይይዛል። ችግሩ ወፍራም ነው፤ ሲቆይም ቫርኒሽ የመሰለ ነገር ይተዋል። ለሰንጢ እሱም አይሆንም።

የሰዓትና የስፌት መኪና ስስ ዘይት ድሮ የሚወጣው ከዓሣ ነባሪ ራስ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1859 ፔንሲልቬንያ ውስጥ የነዳጅ ጉድጓድ ከተቆፈረ ወዲህ ግን ቦታውን ቀስ በቀስ ከድፍድፍ ነዳጅ የሚጣራ ዘይት ወሰደው። የማይደርቅ፣ ሙጫ የማይሆን፣ ቀጭን።

ጋሼ ከእሳቱ ራቅ ብለው ማጠፊያውን በነጭ ጋዝ አጠቡት፣ በጨርቅ አደረቁት። ከዚያ ከመደርደሪያ አንዲት ትንሽ ጠርሙስ አወረዱ፦ የስፌት መኪና ዘይት። ማጠፊያው ላይ አንድ ጠብታ፣ ቁልፉ ሥር ግማሽ ጠብታ። አሥር ጊዜ ከፍተው ዘጉትና የተረፈውን ጠረጉት። ብዙ ከተጨመረ የኪስ አቧራ ይሰበስባል። ግሪስ ደግሞ ሞላውን ያዘገየዋል። ደብሊውዲ ፎርቲስ ብዬ ጠየቅኋቸው። “ለማጠብ ይሁን፤ ለመክረም አይሆንም” አሉኝ። እውነታቸውን ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1953 ሲፈጠርም ሥራው እርጥበት ማባረር ነበር። በሰንጢው ምግብ የምትቆርጡ ከሆነ ግን ፋርማሲ የሚሸጠው የሚጠጣ ፓራፊን ዘይት ይሻላል።

“ቿ!”

እዚያው ቆሜ እንባዬ መጣ። ለካ አባባ የልብስ ሰፊ ዘይት ቆርቆሮ ዕድሜ ልካቸውን እጃቸው ሥር ነበረች! ሰንጢው ያልተጣበቀው በዕድል አልነበረም። ብጠይቃቸው ኖሮ በአንድ ዓረፍተ ነገር ይነግሩኝ ነበር፤ ግን አልጠየቅሁም። እንደ አገርም እንዲሁ ነን። ስለ ብረትና ስለ ዘይት የሚያውቁትን ሰዎች ቡዳ ብለን ከራቅናቸው በኋላ፣ ዕውቀቱ የት ሄደ ብለን እንጠይቃለን።

እትዬ ቡና ቀዱልኝ። ሦስቱንም ጠጣሁ፣ እስከ በረካ። ይኸው ደህና ነኝ፤ ሰንጢዬም ደህና ነው። እማማም ማታ ብርቱካን ስልጥላቸው ድምፁን ሰሙና ዝም አሉ። ቀጥሎ የጠየቁኝ፣ “ሰውየው ቢላም ይሞርዳል?” ብለው ነው።

ቸር ይግጠመን።