ያልተጠረዘ ሐዘን

መጽሐፍ ሲጠረዝ ቅደም ተከተሉም አብሮ ይሰፋል። አንባቢ ደራሲው በቀደደለት መንገድ ከገጽ ገጽ ይጓዛል። ይህን ስፌት ለመፍታት የተደረገው ሙከራ ግን ከኮምፒውተር ዘመን ይቀድማል።

አርጀንቲናዊው ቦርኼስ እ.ኤ.አ. በ1941 በወጣ አንድ አጭር ልብ ወለዱ፣ ሊሆን የሚችለው ሁሉ በአንድነት የሚሆንበትን መጽሐፍ በሐሳብ ፈጠረ። ፈረንሳዊው ሬሞን ኬኖ በ1961 ዐሥር ባለ14 ስንኝ ግጥሞችን አሳተመ፤ እያንዳንዱ ስንኝ ለብቻው ስለተቆረጠ አንባቢ እያፈራረቀ 100 ትሪሊዮን ግጥም ሊያወጣ ይችላል። ኮርታሳር በ1963 ባሳተመው «ራዩዌላ» ደግሞ 155 ምዕራፎቹን እየዘለሉ ማንበቢያ ሠንጠረዥ አኖረ። «ሃይፐርቴክስት» የሚለውን ቃል አሜሪካዊው ቴድ ኔልሰን ያስተዋወቀው በ1965 ነው።

ይህ ሁሉ የብልሃት ጨዋታ ይመስል ይሆናል። ሁለት ሥራዎች ግን ሌላ ነገር ያሳዩናል።

እንግሊዛዊው ቢ. ኤስ. ጆንሰን በ1969 «ዘ አንፎርቹኔትስ» የተሰኘ ልብ ወለዱን ሳያስጠርዝ፣ በ27 ክፍል ከፋፍሎ በሣጥን አቀረበው። የመጀመሪያውና የመጨረሻው ብቻ ቦታቸው የታወቀ ነው፤ የቀሩትን 25 አንባቢ እንዳሻው ይደባልቃቸዋል። ተራኪው የእግር ኳስ ጨዋታ ሊዘግብ በሄደበት ከተማ፣ በካንሰር የሞተ ወዳጁ ትዝታ ያለ ተራ ይመጣበታል።

ከዚያ በ1987 አሜሪካዊው ማይክል ጆይስ፣ ከባልደረቦቹ ጋር በሠራው «ስቶሪስፔስ» በተባለ ፕሮግራም የጻፈውን «አፍተርኑን፣ አ ስቶሪ» ለእይታ አበቃ፤ በ1990 በፍሎፒ ዲስክ ታተመ። ከመጀመሪያዎቹ የሃይፐርቴክስት ልብ ወለዶች አንዱ ነው። ባለታሪኩ ፒተር ጠዋት መንገድ ላይ ያየው የመኪና አደጋ የፈታትን ሚስቱንና ልጁን ገድሎ እንደሆነ ይሰጋል። አንባቢ ቃል እየነካ ከቁራጭ ወደ ቁራጭ ይሻገራል፤ የትኛው ቃል ወዴት እንደሚወስድ ምልክት የለም። አንዳንዱ በር ሌላው ሳይነበብ አይከፈትም። ፒተር እውነቱን ማወቅ ይፈልጋል፣ ማወቁንም ይፈራል፤ አንባቢም አብሮት ይንከራተታል።

ለቅሶ ቤት የተቀመጠ ሰው ሟችን ሲያነሳ ከልደት እስከ ሞት በተራ አይተርክም። አንዲት ሳቁን ያነሳል፣ ወደ መጨረሻው ሌሊት ይዘላል፣ ደግሞ ወደ ልጅነቱ ይመለሳል። ጆንሰን በሣጥን፣ ጆይስ በዲስክ የፈለጉት ለዚህ የሚስማማ ቅርጽ ነበር። ሐዘን ቀድሞም ገጹ አልተቆጠረም።