ከበዓት የወጣ ዕቃ ወዴት እንደ ደረሰ

ሰው ቤቱን በዕቃ የሚሞላው በአንድ ቀን አይደለም። አንዱን ያስፈልገኛል ብሎ ይገዛል፤ ሁለተኛውን ሰው ሰጥቶት ይቀበላል፤ ሦስተኛውን ከአባቱ ይወርሳል፤ አራተኛውንም ምናልባት አንድ ቀን ይጠቅም ይሆናል ብሎ በጓዳ ያኖራል። ከጥቂት ዘመን በኋላ ቤቱ ይጠብበታል፤ የቤቱ ጌታ የነበረውም ሰው የዕቃው ዘበኛ ሆኖ ይገኛል። ይህ ድካም ዛሬ የተጀመረ አይደለም። ትርፉን ዕቃ ከቤት አውጥቶ በጥቂት ነገር መኖር እንዴት እንደሚቻል በብርቱ ከመረመሩትና መርምረውም በሥርዓት ከጻፉት ሰዎች መካከል፥ ከ1600 ዓመት በፊት በግብፅ አገር የነበሩት መነኮሳት ይገኛሉ። ታሪካቸውም የሚጠቅመው የተሳካላቸውን ብቻ ሳይሆን ያስቸገራቸውንም ሳይደብቅ ስለሚናገር ነው።

አባ እንጦንስ በ251 ዓ.ም. ገደማ (ዘመኑ በዚህም ከዚህም በታች በፈረንጆች አቈጣጠር ነው) ቆማ በምትባል የግብፅ መንደር ተወለደ። ወላጆቹ ባለጸጎች ነበሩ። እርሱ 18 ወይም 20 ዓመት ሲሆነው ሁለቱም ሞቱና አንዲት ታናሽ እኅትና 300 አሩራ መሬት ተዉለት። አሩራ የግብፅ የመሬት መለኪያ ነው፤ 300 አሩራ በኢትዮጵያ ልማድ ሁለት ጋሻ ያህል ይሆናል። መሬቱም ለምና ያማረ ነበረ። ወላጆቹ ከሞቱ ስድስት ወር ሳይሞላ ወደ ቤተ ክርስቲያን ቢገባ፥ ጌታ ለባለጸጋው ጐልማሳ የሰጠው ምክር በወንጌል ሲነበብ ሰማ። ወዲያውም ወጥቶ መሬቱን ለመንደሩ ሰዎች ሰጠ፤ የሚንቀሳቀሰውን ገንዘብ ሸጦ ዋጋውን ለድኾች አካፈለ። ለእኅቱ ብሎ ግን ጥቂት አስቀረ።

ሁለተኛ ጊዜ ወደ ቤተ ክርስቲያን በገባ ጊዜ ስለ ነገ አለመጨነቅ የሚናገረው ወንጌል ሲነበብ ሰማ። ያን ጊዜ ያስቀረውንም ጥቂት ገንዘብ ለድኾች ሰጠ፤ እኅቱንም ለታመኑ ደናግል አደራ ብሎ እርሱ ወደ ተጋድሎው ሄደ። እንግዲህ እንደ እንጦንስ ያለው ሰው እንኳ ቤቱን ባዶ ያደረገው በሁለት ጊዜ ነው። መጀመሪያ የሚወጣው ትርፍ መሆኑ የታወቀው ነው፤ በቤት የሚቀረው ደግሞ መልካም ምክንያት ያለው ነው፤ ስለዚህ ኋለኛው ከፊተኛው ይልቅ ይከብዳል።

በ356 ዓ.ም. በ105 ዓመቱ ሊያርፍ ሲል ንብረቱን ተናዘዘ። ንብረቱም ሁለት የበግ ለምድ፥ አንድ መደረቢያና አንድ የጠጕር ልብስ ነበረ። አንዱን ለምድና መደረቢያውን ለሊቀ ጳጳሱ ለአትናቴዎስ፥ ሁለተኛውን ለምድ ለኤጲስ ቆጶሱ ለሰራብዮን፥ የጠጕሩን ልብስ ላገለገሉት ለሁለቱ ደቀ መዛሙርት አደረገ። በሁለት ጋሻ መሬት የተጀመረው የንብረት ቈጠራ በአራት ልብስ ተፈጸመ።

ነገር ግን እንጦንስ ብቻውን የኖረ ሰው ነው። ብቻውን የሚኖር ሰው አንድ ጊዜ ከወሰነ የሚከራከረው የለም። ብዙ ሰው በአንድነት በሚኖርበት ቤት ግን ነገሩ ሌላ ነው፤ የአንዱ ፍላጎት የሌላውን ይቀሰቅሳልና። ይህን ጭንቅ የተሸከመው አባ ጳኵሚስ ነው።

ጳኵሚስ በ292 ዓ.ም. ገደማ በላይኛው ግብፅ በእስና አገር ከአረማውያን ወላጆች ተወለደ። በ312 ዓ.ም. ገደማ በግድ ለጭፍራነት ተይዞ ከጓደኞቹ ጋር በቴብስ ተዘግቶ ሳለ፥ የማያውቋቸው ክርስቲያኖች መብልና መጠጥ ይዘው መጥተው መገቧቸው። እርሱም በዚህ ተደነቀ፤ ከጭፍራነት በተለቀቀ ጊዜም ተጠመቀ። ከዚያም ከአባ ጵላሞን ዘንድ ምንኵስናን ተምሮ፥ በ323 ዓ.ም. ገደማ ጠቤንኒሲ በምትባል ስፍራ የአንድነቱን ገዳም መሠረተ። በ346 ዓ.ም. ሲያርፍ ዘጠኝ የወንዶችና ሁለት የሴቶች ገዳማት በእርሱ ሥርዓት ይኖሩ ነበር።

ሥርዓቱ ስለ ዕቃ ሲናገር እንዲያው በጥቂቱ ኑሩ ብሎ አያልፍም። ጥቂት የሚለው ቃል ለሁሉ እንደየፍላጎቱ ይሰፋልና፥ ዕቃውን በስሙና በቍጥሩ ጻፈ። ለአንድ መነኵሴ የሚፈቀደው ሁለት እጅጌ የሌለው የተልባ እግር ቀሚስና ለመኝታ ወይም ለሥራ የሚሆን ሌላ ያረጀ ቀሚስ፥ አንገትንና ትከሻን የሚሸፍን መጐናጸፊያ፥ የፍየል ቍርበት፥ መታጠቂያ፥ ሁለት ቆብ፥ ጫማና የመንገድ በትር ነው። በበዓቱ የሚነጠፈውም ሰሌን ነው። የሱፍ ቀሚስ፥ ጠጕሩ ያልተሸለተ ለስላሳ ለምድ፥ የራስ ትራስ፥ ጥቂትም ቢሆን ገንዘብ እንዳይገኝ ተከለከለ። ከተጻፈው በላይ የተገኘውን ሁሉ አለቃው ያለ ክርክር እንዲወስደው ታዘዘ። ማንም በተቈለፈ በዓት እንዳይተኛ ተደነገገ። የሚሰወር ዕቃ ለሌለው ሰው ቍልፍ ምን ያደርግለታል?

ከሁሉ የሚያስደንቀው ግን የወረንጦው ነገር ነው። የእግር እሾኽ የሚነቀልበትን ወረንጦ ከቤቱ አለቃና ከምክትሉ በቀር ማንም ለራሱ እንዳይዝ፥ እርሱም መጻሕፍት በሚቀመጡበት መስኮት እንዲሰቀል ሥርዓቱ ያዝዛል። ወረንጦ ጥቂት ነገር ነው፤ በበረሓም እሾኽ አይታጣምና ሁሉም ያስፈልገኛል ቢል ሐሰት አይሆንበትም። ነገር ግን አንድ ወረንጦ ለብዙ እግር ይበቃል። ሁሉ ለየራሱ ቢይዝ ነገ ደግሞ ቢላዋ፥ ከነገ ወዲያ የቢላዋው ማኖሪያ ሣጥን፥ ከዚያም የሣጥኑ ቍልፍ ይከተላል። ዕቃ ብቻውን አይገባም፤ ጓደኛውን ይጠራል።

በዚህ ዐይነት የመነኰሳቱ በዓት ባዶ ሆነ። ይሁን እንጂ ከበዓቱ የወጣው ዕቃ ወዴት ሄደ? እንጦንስ ያወጣው ወደ ድኾች ሄዷል። በጳኵሚስ ገዳም ግን አዲስ ሰው ለመመንኰስ ሲገባ ዓለማዊ ልብሱ ተወስዶ በዕቃ ቤት ይቀመጥ ነበር። ዕቃ ቤቱ ያስፈልግ ነበር፤ ድውያን የሚታከሙበት፥ እንግዶችም የሚያርፉበት ቤት ነበረና። ነገር ግን ለአንድ ሰው የተከለከለው ነገር ለማኅበሩ የተፈቀደ ሆነ። ችግሩም በዚያ በር ገባ።

አባ ጳኵሚስ ይህን አደጋ አስቀድሞ ያየ ይመስላል። ራብ በሆነ ጊዜ አንድ ወንድም በ100 የወርቅ ገንዘብ ስንዴ እንዲገዛ ተላከ። እርሱም የመንግሥት እኽል የተሾመበት ሰው አግኝቶ፥ ሹሙ ስለ መነኰሳቱ ክብር ገበያው ከሚሰጠው ከእጥፍ በላይ ሰፈረለት፤ ደግሞም ሌላ ስንዴ በዱቤ ጨመረለት። ወንድምም መርከቡን ሞልቶ ደስ ብሎት ሲመለስ፥ ጳኵሚስ አንዲት ቅንጣት ወደ ገዳሙ እንዳትገባ ብሎ ላከበት። ስንዴው በተገዛበት በዚያው ርካሽ ዋጋ ለሕዝቡ እንዲሸጥ፥ ዱቤው እንዲከፈል፥ ለገዳሙም የሚበቃው በገበያው ዋጋ እንዲገዛ አዘዘ፤ ያንንም ወንድም ከመላክ ሻረው። ትርፍ ከመግባቱ በፊት በደጅ መመለስ እንደሚሻል፥ በራብ ዘመን የሚከማች እኽልም ከሌላው አፍ የተወሰደ መሆኑን ዐውቆ ነው።

ጳኵሚስ ካረፈ በኋላ ግን ነገሩ ተለወጠ። በእርሱ ፈንታ የተሾመው ጴጥሮንዮስ የባለጸጎች ልጅ ነበረ፤ ወደ ማኅበሩ በገባ ጊዜ በጎቹን፥ ፍየሎቹን፥ ከብቶቹን፥ ግመሎቹን፥ አህዮቹን፥ ሠረገላዎቹንና መርከቦቹን ሁሉ ይዞ ለማኅበሩ ሰጥቶ ነበር። እርሱ ራሱን ድኻ አደረገ፥ ማኅበሩ ግን በእርሱ በለጸገ። ከጥቂት ወራት በኋላ እርሱም በ346 ዓ.ም. ዐርፎ ሆርሲሲዮስ ተተካ። በዚህ ጊዜ የአንዱ ገዳም አበ ምኔት አጵሎንዮስ ለገዳሙ ከሚያስፈልገው በላይ ዕቃ መግዛት ወደደ። ሆርሲሲዮስ በገሠጸው ጊዜ ተቈጥቶ ገዳሙን ከማኅበሩ ሊለይ ተነሣ፤ ሌሎችም ከእርሱ ጋር ታወኩ። ሆርሲሲዮስም ማኅበሩ እንዳይፈርስ ብሎ በ350 ዓ.ም. ገደማ ሹመቱን ለቴዎድሮስ ለቀቀ። በሃይማኖት ነገር ያልተለያዩት ወንድሞች በዕቃ ምክንያት ሊለያዩ ነበረ።

ይህ የሆነው መነኰሳቱ ሥራ ፈት ስለ ሆኑ አይደለም፤ ይልቁንም ትጉሃን ስለ ነበሩ ነው። ሰሌንና ቅርጫት ይሠሩ ነበር፤ የሠሩትንም በዓባይ ወንዝ ወደ እስክንድርያ ወስደው ይሸጡት ነበር። ብዙ የሚሠራ፥ ጥቂት የሚበላ፥ ደመወዝ የማይቀበል ማኅበር ሳይወድ ይበለጽጋል። የተሠራው እንዲሸጥ መርከብ ያስፈልጋል፤ ገንዘቡ ሲተርፍ እርሻ ይገዛል፤ እርሻው ከብት ይፈልጋል፤ ምርቱም ደግሞ ሌላ መርከብ ይጠይቃል። የወረንጦው ነገር በትልቁ ተመለሰ። በቴዎድሮስ ዘመን እያንዳንዱ ገዳም መርከብ ያሠራ፥ ብዙ እርሻም ይገዛ ነበር። ቴዎድሮስም ይህን አይቶ እጅግ አዘነ፤ የወንድሞች መቃብር ወዳለበት ተራራ በሌሊት እየወጣ በመምህሩ በጳኵሚስ መቃብር ላይ ቆሞ በእንባ ይጸልይ ነበር። በ368 ዓ.ም. እርሱም ዐረፈ፤ ሆርሲሲዮስም ዳግመኛ ማኅበሩን ጠበቀ።

ጳኵሚስ ካረፈ ከ58 ዓመት በኋላ፥ በ404 ዓ.ም. ሊቁ ሄሮኒሞስ የዚህን ማኅበር ሥርዓት ከጽርእ ወደ ላቲን ሲተረጕም በመቅድሙ የመነኰሳቱን ዕቃ ቈጥሯል። ያ ቍጥር አልተለወጠም፤ ያው ሰሌን፥ ያው ቀሚስ፥ ያው ሁለት ቆብ ነው። እንግዲህ በዓቱ እስከ መጨረሻው ባዶ ሆኖ ኖረ፤ የሞላው ዕቃ ቤቱ ነው።

ይህ ታሪክ ለኢትዮጵያ ሊቃውንት እንግዳ አይደለም። የአባ ጳኵሚስ ሥርዓት ከጥንት ጀምሮ ወደ ግዕዝ ተመልሷል፤ የጀርመኑ ሊቅ ዲልማንም በ1866 ዓ.ም. የግዕዙን ንባብ አሳትሞታል። የአባ እንጦንስ መታሰቢያ ጥር 22፥ የአባ ጳኵሚስም ግንቦት 14 ቀን በስንክሳር ይነበባል። አቡነ አረጋዊ ምንኵስናን ከጳኵሚስ እንደ ተቀበለ በትውፊት ይነገራል። በእርሱ ደብር በደብረ ዳሞ ሰው የሚወጣው በገመድ ነው፤ ዕቃም እንዲሁ በገመድ ተስቦ ይወጣል። አምባው ላይ የሚገባ እያንዳንዱ ነገር የአንድ ሰው ክንድ ያደክማል፤ ስለዚህ ይህ ያስፈልጋልን የሚለው ጥያቄ የሚጠየቀው ዕቃው ገና ከታች ሳለ ነው። የከተማ ቤት ግን ደጁ ሰፊ ነውና ጥያቄው የሚመጣው ጓዳው ከሞላ በኋላ ነው።

ባለ ትዳር ሰው በአንድ ሰሌንና በሁለት ቆብ ይኑር የሚል የለም፤ ልጆች ያሉት፥ እንግዳም የሚቀበል ነውና። ነገር ግን ቤቱን ሊያጠራ የተነሣ ሰው ዕቃውን ከእልፍኝ ወደ ጓዳ፥ ከጓዳ ወደ ሌላ ቤት ቢያዛውር የአጵሎንዮስን መንገድ ሄደ እንጂ ቤቱን አላጠራም። ማጥራት የሚለካው ከክፍሉ በወጣው ብዛት አይደለም፥ የወጣው በደረሰበት ስፍራ ነው እንጂ። በሣጥን የተቀመጠው ሁለተኛ ጋቢ ለባለቤቱ ሸክም፥ ለበረደው ሰው ግን ልብስ ነው።

እንጦንስ ለአትናቴዎስ የተናዘዘለት መደረቢያ አስቀድሞ አትናቴዎስ ራሱ አዲስ ሳለ የሰጠው ነበረ። ሽማግሌው ለብሶት በላዩ አረጀ፤ ሊያርፍ ሲል ለሰጠው ሰው መለሰለት። ያ ልብስ አንድ ቀን እንኳ በሣጥን አልተኛም።