የትኛው መደርደሪያ ላይ እናስቀምጣት?
(ስለ ፒያኒስቷና የሙዚቃ ደራሲዋ ሜሪ ሉ ዊልያምስ)

ዶርም ውስጥ የሙዚቃ ወሬ ሲነሣ ነገሩ ወዲያው ወደ ክፍፍል ይሄዳል። አንዱ «እሱ የስዊንግ ሰው ነው» ይላል፤ ሌላው «የለም፣ የቢ ቦፕ ነው» ብሎ ይነሣበታል። በታሪክ ትምህርትም ቢሆን ያው ነው። ዘመን ከዘመን በመስመር ተለይቶ ይሰጠናል፤ እኛም ለፈተና ሸምድደን እንወጣለን። ታዲያ ከአንዱ ዘመን ወደ ሌላው እየተሻገረ የኖረውን ሰው የት እናስቀምጠው? ብዙ ጊዜ መልሱ «የትም» ነው። ይህች አጭር ጽሑፍ ለረጅም ጊዜ መደርደሪያ ስላጣች አንዲት ጥቁር አሜሪካዊት ናት። (ዓመታቱ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ሜሪ በ1910 በአትላንታ፣ ጆርጂያ ተወለደች፤ ያደገችው ግን በፒትስበርግ ነው። እናቷ ኦርጋን ትጫወት ነበር። አንድ ቀን ሕፃኗን ጭኗ ላይ አስቀምጣ ስትለማመድ ልጅቱ እጇን ዘርግታ የሰማችውን ዜማ መልሳ ብትጫወተው፣ እናት ደንግጣ ጎረቤት ልትጠራ ሮጠች። ይህን ሜሪ ራሷ ደጋግማ ተርካዋለች። ይሁን እንጂ እናቲቱ አስተማሪ አልቀጠረችላትም። ከአስተማሪ መማር የራሷን ፈጠራ እንዳደረቀባት ታምን ስለነበር፣ በአስተማሪ ፋንታ ሙዚቀኞችን ቤት ድረስ እየጠራች ልጅቱ እንድትሰማቸው አደረገች። ነጮቹ ጎረቤቶች በበኩላቸው ጥቁር ቤተሰብ በመካከላቸው መግባቱን ጠልተው በቤቱ ላይ ጡብ ይወረውሩ ነበር። ቆይቶ ግን ያችን ትንሽ ልጅ ሳሎናቸው ድረስ እያስጠሩ ፒያኖ ያስመቷት ጀመር። ጡቡም ቀረ።

በዚያው ከተማ፣ በአንድ ቲያትር ቤት ያየችው ነገር ደግሞ ከአእምሮዋ አልወጣም። ሎቪ ኦስቲን የተባለችው ፒያኒስት እግሯን አነባብራ፣ ሲጋራዋን በአፏ እንደያዘች፣ በግራ እጇ ትጫወታለች፤ በቀኝ እጇ ለሚቀጥለው ትርኢት ኖታ ትጽፋለች። ሜሪ አንድ ቀን እንደዚች ሴት ለመሆን የቆረጠችው ያኔ ነው።

ገና ወጣት ሳለች ጆን ዊልያምስ የተባለ ሳክስፎን ተጫዋች አገባች፤ እሱ በኋላ አንዲ ከርክ የመራው ባንድ አባል ሆነ። እሷስ? እሷማ «የሙዚቀኛው ሚስት» ነበረች። ሥራ ሲጠፋ የቀብር አስፈጻሚ መኪና እየነዳች አስከሬን ታመላልስ ነበር። በ1929 ባንዱ በካንሳስ ሲቲ ሸክላ ሊያስቀርጽ ሲል መደበኛው ፒያኒስት ቀረና እሷን ጠሯት። ተጫወተች፤ ባንዱም ያለ እሷ የማይሆን መሆኑ እያደር ታወቀ። በ1930 «ናይት ላይፍ» የተባለውን ሥራዋን ለብቻዋ ተጫውታ አስቀረጸች። ሸክላው ተሸጠ፤ ከሽያጩ የሚገባት ገንዘብ ግን ለእጇ አልደረሰም።

እዚህ ላይ ስለ አቀናባሪነት ትንሽ ማለት ያስፈልጋል። ደርዘን የሚያህሉ ሰዎች ያሉበት ባንድ እንዲሁ በስሜት ብቻ አይጫወትም። ትራምፔቱ መቼ ይግባ፣ ሳክስፎኖቹ ምን ይመልሱ፣ ፒያኖው የት ዝም ይበል የሚለውን ሁሉ ቀድሞ አስቦ በኖታ የሚያሰፍር ሰው ይፈልጋል። አቀናባሪ ይሉታል። ሜሪ መጀመሪያ ላይ ኖታ መጻፍ እምብዛም ስለማትችል ሐሳቧን በቃል ትናገራለች፣ ከርክ ይጽፍላት ነበር። ብዙም ሳትቆይ ራሷ ተማረችውና የባንዱ ዋና አቀናባሪ ሆነች። በ1936 የተቀረጸው «ዎኪን ኤንድ ስዊንጊን» የእሷ ነው። በዓመቱ ለቤኒ ጉድማን የሠራችው «ሮል ኤም» አገር ምድሩን አስጨፈረ። ለዱክ ኤሊንግተንም አቀናብራለች። ሸክላው ላይ በትልቁ የሚጻፈው ግን የባንዱ መሪ ስም ነው፤ የዳንሱ ሕዝብ የሚያጨበጭበውም ለእሱ ነው። ከ«ዎኪን ኤንድ ስዊንጊን» ውስጥ አንዲት ሐረግ በኋላ በቴሎኒየስ መንክ የታወቀ ሥራ ውስጥ ብቅ ብላለች። ዜማዋን የሚያውቅ ብዙ ነው፤ ከማን እጅ እንደ ወጣች የሚያውቅ ግን ጥቂት።

በ1942 ከከርክ ባንድ ወጣች፤ በኋላም ኒው ዮርክ ገባች። ጊዜው ወጣቶቹ ቢ ቦፕን የሚፈጥሩበት ነበር። ስዊንግ የትልቅ ባንድ፣ የዳንስ ሙዚቃ ሲሆን፣ ቢ ቦፕ በጥቂት ሰዎች የሚጫወቱት፣ ፈጣንና ውስብስብ፣ ቁጭ ብለው የሚሰሙት ሙዚቃ ነው። ከስዊንግ ትውልድ ብዙዎች «ይህ ደግሞ ምን ጫጫታ ነው!» ብለው ፊታቸውን አዞሩ። ሜሪ ግን በሯን ከፈተች። ሌሊት ሥራዋን ስትጨርስ መንክ፣ ባድ ፓወል፣ ታድ ዳሜሮን፣ ዲዚ ጊለስፒ ሐርለም ካለው ቤቷ ይሰባሰቡ ነበር። ፒያኖዋ ዙሪያ ሆነው አዲስ ሥራቸውን ያሰሟታል፣ ታርማቸዋለች፤ እሷም ትማርባቸዋለች። በዚሁ ወቅት ስለ ዐሥራ ሁለቱ የከዋክብት ምልክቶች «ዞዲያክ ስዊት» የተባለውን ድርሰቷን ጻፈች። በ1945 የመጨረሻ ቀን በታውን ሆል ከኦርኬስትራ ጋር ቀረበ። ጃዝንና የአውሮፓን የኮንሰርት ሙዚቃ በአንድ ገበታ ማቅረቧ ያኔ ለብዙዎች ግራ የሚያጋባ ነበር።

በ1952 ወደ እንግሊዝ ሄደች፤ በ1954 ፓሪስ ላይ ፒያኖውን ትታው ተነሣች። መድከም ብቻ አልነበረም። የምታውቃቸው ሙዚቀኞች በሄሮይንና በመጠጥ ያልቁ ነበር፤ ቻርሊ ፓርከር በ1955 ሲሞት ገና 34 ዓመቱ ነበር። አገሯ ተመልሳ በጸሎት ተጠመደች፤ በ1957 ካቶሊክ ሆነች። የተቸገሩ ሙዚቀኞችን ቤቷ እያስጠለለች ታበላ ነበር፤ እነሱን ለመርዳትም ሐርለም ውስጥ አሮጌ ልብስና ዕቃ የሚሸጥ ሱቅ ከፈተች። እንግዲህ አስቡት፤ ለዘመኑ ታላላቅ ባንዶች የጻፈች እጅ አሮጌ ኮት ታጣጥፋለች! ቄሶቹና ጓደኞቿ ግን ተሰጥኦዋ ራሱ ጸሎት ሊሆን እንደሚችል ነግረው ወደ ፒያኖው መለሷት።

መመለሷ የነበረችበትን ለመድገም አልነበረም። ለጥቁሩ ቅዱስ ለማርቲን ደ ፖረስ መዝሙር ደረሰች። ሦስት የቅዳሴ ሙዚቃዎች ጻፈች፤ አንዱን አልቪን ኤይሊ በ1971 በዳንስ አቀረበው። በ1975ም በኒው ዮርኩ የቅዱስ ፓትሪክ ካቴድራል፣ በቅዳሴ ላይ፣ ተዘመረ። ከጭፈራ ቤት የወጣው ብሉዝ ከመሠዊያው ፊት ቆመ ማለት ነው። በ1977 ደግሞ በ66 ዓመቷ ከአዲሱ ጃዝ አፍላ ሰው ከሲሲል ቴይለር ጋር በካርኔጊ አዳራሽ ሁለት ፒያኖ ተጋጥሞ ተጫወቱ። እውነቱን ለመናገር አልተስማሙም፤ እሷ ወደ ብሉዝ ስትስብ እሱ በራሱ ጎርፍ ይሄዳል። ቢሆንም የሞከረችው እሷ ናት።

በዚያው ዓመት ዱክ ዩኒቨርሲቲ ማስተማር ጀመረች፤ በ1981 እስክትሞትም እዚያው ነበረች። የጃዝን ታሪክ የምታስረዳው በዛፍ ሥዕል ነበር። ሥሩ መከራ ነው፤ ግንዱ ላይ መንፈሳዊው ዜማ፣ ራግታይም፣ ስዊንግ፣ ቢ ቦፕ አንዱ ከአንዱ እየበቀለ ይወጣል፤ ብሉዝም ሳይቋረጥ አብሮ ይሄዳል። ከሥሩ የራቀው ቅርንጫፍ ቅጠል የለውም። በዚህ ዛፍ ላይ መደርደሪያ አለመኖሩን ልብ ይሏል።

ብዙዎቻችን ሁለገብ ሰው ስናይ «ሁሉን የሚነካካ አንዱንም አይጨብጥ» እንላለን። የሜሪ ሉ ሕይወት ይህን አባባል ያፈርሰዋል። እሷ ከሙያ ሙያ አልዘለለችም፤ አንዱን ብሉዝ ይዛ በየዘመኑ ደጅ አለፈች እንጂ። የተዘነጋችውም ስላነሰች አይደለም። አንደኛ፣ የአቀናባሪ ስም ከባንድ መሪ ስም ጀርባ ይቀራል። ሁለተኛ፣ ሴት ናት፤ ሴት በጃዝ ውስጥ ዘፋኝ ካልሆነች እንደ እንግዳ ትታይ ነበር። ሦስተኛው ግን እኛን ይመለከታል፤ ታሪክን በዘመን ቆራርጠን ስናጠና፣ ቁርጥራጩን ያያያዘው ሰው በመሐል ይወድቅብናል። ወደፊት የታሪክ መጽሐፍ ከመካከላችን የሚጽፍ አይጠፋም። እባካችሁ፣ የምዕራፎቹን ርእስ ከማውጣታችሁ በፊት በመስመሩ ላይ የቆመ ሰው መኖሩን ተመልከቱ።